ላርጅ ፎርማት ካሜራ በአቅም መግዛት፦ ከሌንሱ ጀምሩ

ላርጅ ፎርማት ካሜራ፣ ማለትም በትልልቅ ነጠላ የፊልም ሉህ የሚያነሳ ካሜራ፣ ያማረው ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ካሜራው ላይ ነው። የተወለወለ እንጨት፣ የነሐስ ብሎን፣ እየታጠፈ የሚለጠጥ ቀይ ቤሎውስ። ማማሩን ማን ይክዳል! ፎቶውን የሚሠራው ግን እሱ አይደለም። ከፊት ሌንስ አለ፣ ከኋላ ፊልም አለ፣ መሃል ያለው ጨለማ ነው። ካሜራው የሚጠበቅበት ያንን ጨለማ መጠበቅና ሳይነቃነቅ መቆም ብቻ ነው። ለብርሃን ከፍቶ የሚዘጋው ሹተር እንኳ በአብዛኛው ያለው ሌንሱ ውስጥ ነው፤ አብሮት ነው የሚገዛው። አንድ ሌንስ በ200 ዶላር አሮጌ ካሜራ ላይም፣ በብዙ ሺህ ዶላር አዲስ ካሜራ ላይም ግጠሙት። ሁለቱም ብርሃን ካላስገቡና ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ ኔጌቲቩን አይቶ የሚለያቸው የለም።

ስለዚህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ከሌንሱ ይነሳ። ካሜራው በሌንሱ ልክ ይፈለግ። እዚህ የምለው ሁሉ ያገለገለ ዕቃ በቀላሉ ለሚገኝበት አገር፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ይመቻል። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ፊልሙ ጋ ስንደርስ የምላችሁ አለ።

1. መጠኑ 4 በ5 ይሁን

4 በ5 የሚባለው በኢንች ነው፤ ወደ 10 በ12.7 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ፊልሙ በጥቅል ሳይሆን በነጠላ ሉህ ይሸጣል። አንዱ ሉህ ከተለመደው የ35 ሚሊሜትር ፍሬም በስፋት 13 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ለትልቅ ፎቶ ከበቂ በላይ ነው።

8 በ10 ያጓጓል። ነገር ግን ስፋቱ የ4 በ5 አራት እጥፍ ነው፣ የፊልሙ ወጪም በዚያው ልክ ይንራል። ፊልሙን የሚይዘው ሆልደር ውድ፣ ሌንሱ ትልቅ፣ ስታንዱ ከባድ ይሆናል። 5 በ7 ቅርጹ ደስ ይላል፣ የፊልም ምርጫው ግን ጠባብ ነው። የድሮዎቹ የአውሮፓ 9 በ12 ሳንቲሜትር ካሜራዎች በርካሽ ይገኛሉ፤ ሆልደራቸው ግን ከ4 በ5 ጋር አይገጥምም። የ4 በ5 ዕቃ በየቦታው ሞልቷል፣ የተበላሸውም ይተካል። ለመጀመሪያ ካሜራ ሌላ አትፈልጉ።

2. ገንዘቡን ቀድማችሁ ከፋፍሉ

ብዙ ሰው ያለውን ሁሉ ካሜራ ላይ ያፈስና ለፊልም እጁ ያጥረዋል። 700 ዶላር ቢኖረኝ እንዲህ እመድበው ነበር፦ ሌንስ ከነሹተሩ 250፣ ካሜራ 200፣ ስታንድ 80፣ ሆልደሮች 60፣ ፊልምና ኬሚካል 80፣ ለጥቃቅኑ 30። ዋጋው ከቦታ ቦታ፣ ከወር ወር ይለያያል። ድርሻውን ግን አታዛቡት። ከካሜራው ላይ ቀንሳችሁ ሌንሱ ላይ ብትጨምሩ እንጂ ተቃራኒውን አታድርጉ።

3. አንድ ሌንስ፣ 150 ሚሊሜትር

በ4 በ5 ላይ 150 ሚሊሜትር መደበኛ ሌንስ ነው። ከ35 ሚሊሜትር ካሜራ ጋር ለማነጻጸር ለሦስት አካፍሉት፤ 150ው እንደ 50፣ 90ው እንደ 30፣ 210ሩ እንደ 70 አድርጋችሁ አስቡት። በ150 ሰውም፣ ቤትም፣ ተራራም ይነሳል። በብዛት የተሠራው እሱ ስለሆነ ዋጋውም ደህና ነው። ዋና ፍላጎታችሁ የሰው ፊት ከሆነ ግን በ210 ጀምሩ፤ ያገለገለው ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ዋጋ ይገኛል።

አራት ሠሪዎችን እወቁ። ከጀርመን ሽናይደርና ሮደንስቶክ፣ ከጃፓን ኒኮንና ፉጂ። ሽናይደር ሲማር-ኤስ፣ ሮደንስቶክ ሲሮናር-ኤን፣ ኒኮር-ደብልዩ፣ ፉጂኖን-ደብልዩ፤ አራቱም በ150 ሚሊሜትርና በኤፍ 5.6 ይገኛሉ (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይነግራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል)። የትኛው ይሻላል ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። የሚለያያቸው ስማቸው ሳይሆን ባለቤታቸው እንዴት እንደያዛቸው ነው። ንጹሑን፣ ሹተሩ የሚሠራውን ግዙ።

በሌላ ስም የተሸጡም አሉ። ካሉሜት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በካልታር ስም ሸጧቸዋል። ካልታር-2 ኤን የሚለው ሮደንስቶክ የሠራው ሲሮናር-ኤን ነው። ሲናሮን የሚል ጽሑፍ ያለባቸውም ለካሜራ ሠሪው ሲናር በአብዛኛው ሮደንስቶክ የሠራቸው ናቸው። ስማቸው ስላልገነነ አንዳንዴ ቀነስ ባለ ዋጋ ይወጣሉ። ያንን ስታዩ ፈጠን በሉ።

ከዚህም የሚረክሱ አሉ። በድሮ የጋዜጠኛ ካሜራዎች ላይ ተገጥመው የሚመጡት ኮዳክ ኤክታር 127 እና ኦፕታር 135፣ ሁለቱም ኤፍ 4.7፣ 4 በ5ን ይሸፍናሉ። ጥርት ያለ ፎቶ ይሰጣሉ። ችግራቸው ሌንሱን ከፍ ዝቅ ለማድረግ ቦታ አለመተዋቸው ነው።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ ገንዘብ የሚበላው ይህን አለማወቅ ነውና። ሌንስ ወደ ኋላ የሚጥለው ምስል ክብ ነው። ያ ክብ የፊልሙን አራት ማዕዘን ከነማዕዘኖቹ መሸፈን አለበት። የ4 በ5 ፊልም ከጥግ እስከ ጥግ 153 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ክቡ ከዚያ ካነሰ ጥጎቹ ይጨልማሉ። ልክ 153 ከሆነ ይሸፍናል፣ ግን ሌንሱን ከፍ ዝቅ ማድረግ አትችሉም። ሲማር-ኤስና ሲሮናር-ኤን በ150 ሚሊሜትር ኤፍ 22 ላይ ከ200 ሚሊሜትር በላይ ክብ አላቸው። ያ ትርፍ ነው ረጅም ሕንፃ ስታነሱ ካሜራውን ሳታጋድሉ ሌንሱን ብቻ ከፍ የምታደርጉበት። ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ሳይዘምሙ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ከትንሽ ታጣፊ ካሜራ የተነቀለ 105 ሚሊሜትር ሌንስ «ላርጅ ፎርማት» ተብሎ ሲሸጥ ካያችሁ እለፉት፤ 4 በ5ን አይሸፍንም።

90 ሚሊሜትሩን ለኋላ አቆዩት። ርካሾቹ ኤፍ 8 ናቸው፤ ከካሜራው ኋላ ባለው የፎከስ መስታወት ላይ ምስሉ ይጨልማል፣ ለጀማሪ ፎከስ ማድረግ ያስቸግራል። ሦስት ሌንስ በአንዴ ገዝቶ አንዱንም በደንብ ከማያውቅ፣ አንዱን ይዞ ብዙ ሉህ ያነሳ ይበልጣል።

4. ሌንሱን በባትሪ፣ ሹተሩን በጆሮ ፈትሹ

ትንሽ የእጅ ባትሪ ያዙ፣ የስልክ መብራትም ይሆናል። ሹተሩን ክፍት አድርጉት፤ አፐርቸሩንም፣ የሌንሱን ቀዳዳ ማለቴ ነው፣ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። መብራቱን ከኋላ በኩል አግድም እያበራችሁ ከፊት እዩ። ቀጥታ ወደ ዓይናችሁ አታብሩ፣ ምንም አይታይም።

እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ተዉት። መስታወቱ በሙሉ ግራጫ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ፣ አንዳንዴ ባለሙያ ከፍቶ ይጠርገዋል፤ የማስጠረጊያው ከዋጋው ላይ ካልተቀነሰ አትግዙ። ጠርዙ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ካያችሁ የተጣበቁት መስታወቶች መላቀቅ ጀምረዋል፤ እየባሰ ስለሚሄድ ይቅርባችሁ። ሽናይደር ሌንሶች ውስጥ ጠርዙ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ማየት የተለመደ ነው። የጠርዙ ጥቁር ቀለም ነው የሚለቀው፣ ፎቶውን አይነካውም። ሻጩ ይህን በማስታወቂያው ላይ ጽፎ ዋጋ ካወረደ ለእናንተ ሲሳይ ነው። ጥቂት አቧራና ፊት ላይ ያለች ቀጭን ጭረትም አያሳስቧችሁ። የኋላው መስታወት ጭረት ግን ይጎዳል።

ከዚያ ሹተሩ። መጀመሪያ ይወጠራል፣ ከዚያ ይለቀቃል። በ1 ሰከንድ ልቀቁት። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ዝዝዝ እያሉ ሳይደነቃቀፉ መጨረስ አለባቸው። መሃል ላይ ቆም ካለ ወይም ሳይዘጋ ከቀረ ዘይቱ ደርቋል ማለት ነው። በግማሽ፣ በ1/4ኛ፣ በ1/8ኛም ሞክሩ። ድምፁን በስልክ ቀርጻችሁ ሞገዱን ብታዩት የመክፈቻውና የመዝጊያው ጫፍ ይታያል፤ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ መለካት ነው።

ስለ 1/500ኛ አትጨነቁ። በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 ፊልምና በኤፍ 22፣ የምታነሱት ከ1/50ኛ እስከ 1/60ኛ ሰከንድ አካባቢ ነው። ጥላ ሥር ስትገቡ ደግሞ ወደ ሩብና ግማሽ ሰከንድ ትወርዳላችሁ። ሥራችሁ ያለው እዚያ ነው። 1 ሰከንዱ ሁልጊዜ 1.3 ከሆነ ችግር የለም፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። አንዴ 1.3፣ አንዴ 0.8 ከሆነ ግን ጥገና ይፈልጋል።

ሹተሩ ኮፓል ቢሆን እመርጣለሁ፤ ብዙ ጠጋኝ ያውቀዋል። ቁጥሩን እዩ፤ ኮፓል 0፣ 1 ወይም 3 ነው። ሌንሱ የሚቀመጥበት ሰሌዳ፣ ሌንስ ቦርድ የሚሉት፣ ቀዳዳው በዚህ ይወሰናል፦ ለ0 34.6፣ ለ1 41.6፣ ለ3 65 ሚሊሜትር። ከኋላ የሚያጠብቀው ቀለበት መኖሩንም ጠይቁ። ትንሽ ነገር ናት፣ ከጠፋች ግን ሌንሱ ቦርዱ ላይ አይቆምም። ሹተር የሌላቸው ሌንሶች በጣም ይረክሳሉ፤ ለመጀመሪያ ግን አትግዟቸው።

5. አሁን ካሜራው

ሦስት ዓይነት አለ። የምትመርጡት ቆማችሁ በምታነሱበት ቦታ ነው።

ቤት ውስጥ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ወይም ከመኪና ብዙ ሳትርቁ የምታነሱ ከሆነ ሞኖሬል ግዙ። በአንድ የብረት ዘንግ ላይ የፊቱና የኋላው ክፍል የሚንሸራተቱበት ነው። ሲናር ኤፍ1 እና ኤፍ2፣ ካምቦ ኤስሲ፣ ቶዮ፣ ካሉሜት። ዲጂታል ሲመጣ የማስታወቂያ ስቱዲዮዎች አወጧቸው፤ ተሸክሟቸው የሚዞርም ስለማይበዛ ዋጋቸው ወረደ። ለገንዘባችሁ ከሁሉ የበለጠ ካሜራ የሚሰጧችሁ እነዚህ ናቸው። ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ማዘንበል፣ ማዞር፣ ሁሉንም ያደርጋሉ። ምክሬ ሲናር ኤፍ ነው። ዕቃው እየተፈታ እርስ በርሱ ይገጣጠማል፣ መለዋወጫውም አይጠፋም።

እየተዘዋወራችሁ የምታነሱ ከሆነ የግራፍሌክስን ክራውን ግራፊክ እዩ። ከ1947 እስከ 1973 የተሠራ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ካሜራ ነው። ሲታጠፍ ሣጥን ይሆናል፣ ሌንሱም ውስጡ ይቀመጣል። ታላቅ ወንድሙ ስፒድ ግራፊክ ነው፤ ፎቶ ጋዜጠኛው ጆ ሮዘንታል በየካቲት 1945 እ.ኤ.አ. በጃፓኗ ደሴት ኢዎ ጂማ ላይ የሰንደቅ ዓላማውን ዝነኛ ፎቶ ያነሳው በእሱ ነበር። ስፒዱ ከኋላ ተጨማሪ መጋረጃ ሹተር ስላለው ይከብዳል፣ የሚበላሽም ነገር ይበዛበታል። ክራውኑ ይበቃል። ሁለቱም ሌንስ ማንቀሳቀስ ላይ ደካማ ናቸው።

ግራፍሌክስ ስትገዙ የጀርባውን ፎቶ ሳታዩ አትክፈሉ። ግራፍሎክ የሚባለው ጀርባ ካለው በጣም ጥሩ። ተራው በስፕሪንግ የሚይዘውም መደበኛ ሆልደር ይቀበላል። «ግራፍሌክስ ባክ» የሚባለው ግን አይቀበልም፤ የራሱን ሆልደር ብቻ ነው የሚፈልገው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሻጩም ሊሳሳት ይችላል።

ተራራ የምትወጡ ከሆነ ቀላል ታጣፊ የሜዳ ካሜራ ያስፈልጋችኋል። ከእንግሊዝ ብራይተን የሚመጣው ኢንትሬፒድ ከአዲሶቹ ውስጥ ኪስን ብዙ የማይጎዳው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ በኪክስታርተር የተጀመረ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ፣ በጣም ቀላል። እንደ ሞኖሬል ድርቅ ብሎ አይቆምም፣ ነፋስ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሸን-ሃዎ፣ ቻሞኒ፣ ቶዮ 45ኤ፣ ዊስታ፣ ሊንሆፍ ሁሉም ጥሩ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ከዚህ ጽሑፍ አሳብ ይወጣል።

የትኛውንም ስትገዙ ቤሎውሱን፣ ማለትም እየታጠፈ የሚለጠጠውን ክፍል፣ በደንብ እዩ። ክፍሉን አጨልሙ። ቤሎውሱን እስከ መጨረሻው ለጥጡ። መብራት ውስጡ አስገቡና ከውጭ ዙሩት። ቀዳዳ የሚበዛው የእጥፋቱ ጥግ ላይ ነው፤ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ሁለት ሦስት ቢሆን በጥቁር የጨርቅ ቀለም ይደፈናል። ጥጉ ሁሉ ካበራ ቤሎውሱ አልቋል፣ የአዲሱን ዋጋ አስቡበት።

ርዝመቱም ይታሰብ። 150 ሚሊሜትር ሌንስ ሩቅ ነገር ለማንሳት 150 ሚሊሜትር ያህል ቤሎውስ ይበቃዋል። ዕቃን በራሱ መጠን ፊልም ላይ ለማሳረፍ ግን 300 ይፈልጋል። በዚያ ርዝመት ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ጊዜውን አራት እጥፍ ማድረግ አለባችሁ።

የፎከስ መስታወቱም ጉዳይ አለው። አንዳንድ ግራፍሌክስ ላይ ምስሉን የሚያደምቅ ፕላስቲክ፣ ፍሬኔል የሚሉት፣ ከመስታወቱ በፊት በሌንሱ በኩል ይቀመጣል። የቀድሞ ባለቤት አውጥቶት ወይም ገልብጦት ከሆነ፣ መስታወቱ ላይ ጥርት ያለው ፊልሙ ላይ ይደበዝዛል። ማንም ነክቶት እንደሆነ ጠይቁ።

6. ሆልደርና ሌላው

አንድ ሆልደር ሁለት ሉህ ይይዛል፣ በፊትና በኋላ። በሦስት ጀምሩ። ፊደሊቲ፣ ሊስኮ፣ ሪተዌይ፣ ቶዮ፣ ማንኛውም ያገለገለ ይሆናል። ዳርክ ስላይዱ፣ ፊልሙን የሚከልለው ሳህን፣ ያልታጠፈና ያልተሰነጠቀ ይሁን። የእጀታው አንዱ ገጽ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ነው። ልማዱ ነጩ ወደ ውጭ ከሆነ «ገና አልተነሳም»፣ ጥቁሩ ከሆነ «ተነስቷል» ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ልመዱት።

ስታንዱ ያገለገለ ከባድ አልሙኒየም ቢሆን ይመረጣል። በሽቦ የሚለቀቅ መልቀቂያና ትንሽ ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል። ብርሃን ለመለካት የስልክ መተግበሪያ ይበቃል። ለመከለያ ጨርቅ ገንዘብ አታውጡ፦ ሰፊ ጥቁር ቲሸርት ውሰዱ፣ አንገቱን በካሜራው ጀርባ ላይ አጥልቁ፣ በታችኛው በኩል ጭንቅላታችሁን አስገቡ።

የማይገዛም አለ። ከካሜራ ጋር ተደርቦ የሚመጣ የፖላሮይድ 545 ሆልደር ዋጋ ሊያስጨምራችሁ አይገባም፤ ፖላሮይድ ፊልሙን ማምረት በ2008 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ክዊክሎድና ሬዲሎድ የሚባሉት ሆልደሮችም እንዲሁ፣ ፊልማቸው የለም።

7. ፊልሙ

ለመለማመጃ ከቼክ ሪፐብሊክ የሚመጣው ፎማፓን 100 ከሁሉ ርካሹ ነው ማለት ይቻላል። ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ከፍ ይላል፣ ግን ብርሃን ቢበዛበት ወይም ቢያንስበት ቶሎ አይበላሽም። ቀለሙን ለኋላ ተዉት። የሉሁ ዋጋ ላይ የማጠቢያው ሲጨመር ያስደነግጣል። ጥቁርና ነጭ ደግሞ በሦስት ሳህን፣ በጨለማ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይታጠባል።

ከፊልምም የሚረክስ አለ። የፎቶ ማተሚያ ወረቀት በ4 በ5 ቆርጣችሁ ሆልደር ውስጥ አስገቡ፣ እንደ አይኤስኦ 6 አድርጋችሁ አንሱ። በቀይ መብራት ሥር ምስሉ ሲወጣ እያያችሁ ታጥባላችሁ። ካሜራ መማሪያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ፊልም ሆልደር ውስጥ የሚገባው በፍጹም ጨለማ ነው። ሉሁን በቁሙ ያዙት፤ ጥጉ ላይ ያለው ጎድጓዳ ምልክት ላይኛው ቀኝ ሲሆን ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ወደ እናንተ ነው። ስካነር ከመግዛታችሁ በፊትም 4 በ5 መቀበሉን እዩ። ኤፕሰን ቪ850 ይቀበላል፤ ቪ600 ሙሉውን ሉህ በአንዴ አያነብም።

አገር ቤት ላላችሁ፣ ፊልሙን የሚያመጣላችሁ ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው። ለዚያ ሰው ሦስት ነገር ንገሩት። ፊልሙን ሻንጣ ውስጥ አስገብቶ አያስረክብ፣ በእጁ ይያዝ። አዲሶቹ የአየር ማረፊያ ሲቲ መፈተሻዎች ፊልም ስለሚያበላሹ በእጅ እንዲፈተሽለት በትህትና ይጠይቅ። ሣጥኑ ደግሞ በምንም ምክንያት አይከፈት፤ «ፎቶ ፊልም፣ ብርሃን ካየ ይበላሻል» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉበት።

8. ዕቃው በደረሰ ሳምንት ሞክሩት

የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ አራት ሉህ ለሙከራ ሠዉ። ሆልደሮቹን ቁጥር ጻፉባቸው። ሜትር ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ ዘርጉ፣ አንዱን ቁጥር መርጣችሁ ፎከስ አድርጉ፣ አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ አንሱ። ሲታጠብ ጥርት ብሎ የወጣው ሌላ ቁጥር ከሆነ መስታወቱ ከቦታው ተንቀሳቅሷል።

ቀሪዎቹን ሉሆች በሌሎቹ ሆልደሮች አድርጋችሁ ደጅ ፀሐይ ላይ አንሱ፤ ዳርክ ስላይዱን ካወጣችሁ በኋላ ሌንሱን ሳትከፍቱ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ብርሃን የሚገባበት ካለ ኔጌቲቩ ላይ ጥቁር ጭረት ወይም ጭጋግ ይወጣል። በሁሉም ሉህ ላይ አንድ ቦታ ከሆነ ቤሎውሱን ወይም ሌንስ ቦርዱን ፈትሹ። በአንድ ቁጥር ሆልደር ላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ የሆልደሩ ነው፣ እሱን ለይታችሁ አስቀምጡት። ጭጋጉ ዳርክ ስላይዱ በሚወጣበት ጠርዝ ላይ ከሆነ እዚያ ያለው ብርሃን ከልካይ ጨርቅ አልቋል፤ ቀጭን ጥቁር ከፋይ ቆርጦ መተካት ይቻላል።